ኤሪክ አወርባኽ ያለ መጽሐፍ ጻፉን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ የሮማንስ ቋንቋዎች (ከላቲን የተወለዱት የእነ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ) ሊቅ የነበሩትን የጀርመናዊውን የኤሪክ አወርባኽን ሕይወትና ሥራ ያወሳል። እንዲህ ያለ ሰው በቋንቋችን መነሣቱ በራሱ የሚያስደስት ነው፤ ጸሐፊውም ርእሰ ጉዳያቸውን በፍቅር እንደያዙት ከአጻጻፋቸው ይታያል። ሆኖም ፍቅሩ ከልክ አልፎ ሰውየውን ተረት አድርጓቸዋል። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ አወርባኽ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን ሸሽተው ኢስታንቡል ገቡ፤ ከተማዋ መጻሕፍትም ምሁራንም የሌሉባት በረሃ ነበረች፤ ቱርክ ከርኅራኄ የተነሣ አስጠጋቻቸው፤ እርሳቸውም ደረቁን የቋንቋ ጥናት ትተው የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ እውነታን እንዴት እንደሣለ የሚመረምረውን «ሚሜሲስ» የተባለውን ታላቅ ድርሳናቸውን አንድም መጽሐፍ ሳይገልጡ ከትዝታቸው ጻፉት፤ ስለዚህ ስደት ለሊቅ በረከት ነው።

እኔ በፈረንሳይኛ መምህርነት የምተዳደር ሰው ነኝ። አወርባኽን ያወቅኋቸው የጥንት ፈረንሳይኛ ግጥም ለተማሪዎቼ ማስረዳት አቅቶኝ መላ ስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፋቸው ከጠረጴዛዬ ርቆ አያውቅም። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላሉን ነጥብ በቅድሚያ ላንሣ። አወርባኽ ከጀርመን የወጡት በ1933 አይደለም። በዚያ ዓመት የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አይሁዳውያንን ከሥራ ሲያባርር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በግንባር የተሰለፉትን ለጊዜው አልነካም ነበር፤ አወርባኽ ደግሞ በዚያ ጦርነት ተዋግተው ቆስለዋል፣ ሜዳልያም ተሸልመዋል። ስለዚህ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1935 መጸው ድረስ ቆዩ። የአይሁዳውያንን የዜግነት መብት የገፈፉት የኑረምበርግ ሕጎች በታወጁ በሳምንታት ውስጥ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1936 ወደ ኢስታንቡል ተጓዙ። ልዩነቱ የዓመታት ቁጥር ብቻ አይደለም። የአገሬ ሰው ነኝ፣ ለአገሬ ደምቻለሁ ብሎ ያመነ ሰው፣ ጎረቤቱ ሰላምታ ሲነፍገው እያየ፣ ነገ ያልፍ ይሆናል በሚል ተስፋ ሁለት ዓመት ተኩል ተቀምጧል ማለት ነው። ሸሽቶ የሄደ ሰው ታሪክና ተገፍቶ የወጣ ሰው ታሪክ አንድ አይደሉም።

ዋናው ጉዳይ ግን የመጻሕፍቱ ነገር ነው። ጽሑፉ «ሚሜሲስ» ከትዝታ ብቻ እንደ ተጻፈ ይናገራል። መጽሐፉን አንድ ጊዜ የገለጠ ሰው ይህ ሊሆን እንደማይችል ወዲያው ይገነዘባል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ማለት ይቻላል የሚከፈተው ከአንድ ድርሰት በቀጥታ በተቀዳ ረዘም ያለ ምንባብ ነው፤ ምንባቡም በመጀመሪያ ቋንቋው፣ በላቲን ከሆነ በላቲን፣ በጥንት ፈረንሳይኛ ከሆነ በጥንት ፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ ከሆነ በጣሊያንኛ ተቀምጦ፣ ከዚያ በኋላ ቃል በቃል ይተነተናል። ትንታኔው አንዳንድ ጊዜ በአንዲት መስተዋድድ ወይም በአንድ ግሥ ጊዜ ላይ ይቆማል። ከሆሜር ተነሥቶ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ልብ ወለድ የሚዘልቅ ምንባብን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ከትዝታ የሚቀዳ ሰው የለም፤ አወርባኽም ይህን አድርጌያለሁ ብለው አያውቁም።

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? ከራሳቸው ቃል መጣ፤ በትክክል ያልተነበበ ቃል ግን ነው። በመጽሐፉ ማጠቃለያ ላይ አወርባኽ ሥራው በጦርነቱ ዘመን በኢስታንቡል እንደ ተጻፈ፣ በዚያ ለአውሮፓ ጥናት የሚሆኑ ቤተ መጻሕፍት በሚገባ እንዳልተሟሉ፣ የጥናት መጽሔቶችን ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ አዳዲስ ምርምሮችንም አብዛኞቹን ማግኘት እንዳልቻሉ፣ አንዳንድ ጊዜም አስተማማኝ የሆነ የምንባቡ እትም እንደ ጎደላቸው ያስረዳሉ። ቀጥለውም ምናልባት መጽሐፉ ሊጻፍ የቻለው በዚሁ ጉድለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ስለ እያንዳንዱ ርእስ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ቢቻለኝ ኖሮ ወደ መጻፉ ባልደረስኩ ነበር ይላሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የጎደሉት ስለ ድርሰቶቹ የተጻፉ ጥናቶች ናቸው፤ ድርሰቶቹ ራሳቸው አልጎደሉም። ጣሊያናዊውን ገጣሚ ዳንቴን የሚተነትን ሰው ዳንቴ በእጁ ነበር፤ ያልነበረው ስለ ዳንቴ በየዓመቱ የሚወጣው የጥናት ክምር ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ሰው «መጽሐፍ አልነበራቸውም» ወደሚለው መደምደሚያ በቀላሉ ይንሸራተታል።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ጽሑፋቸው በብዙ ያምር ነበር ብዬ አምናለሁ። በኢስታንቡል ገላታ በሚባለው ሰፈር የቅዱስ ጴጥሮስ የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳም ይገኛል። በገዳሙ ሰገነት ላይ በነበረው ቤተ መጻሕፍት ሚኝ የተባሉት ፈረንሳዊ ካህን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ያሳተሙት፣ ከ200 ቅጽ በላይ የሆነው የላቲን አበው መጻሕፍት ስብስብ በሙሉ ተቀምጦ ነበር። አወርባኽ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት እንዲገቡ የፈቀዱላቸው በዚያን ጊዜ በከተማው የጳጳሱ እንደራሴ የነበሩት ሞንሲኞር ሮንካሊ ናቸው፤ እኒህ ሰው በ1958 ዮሐንስ 23ኛ ተብለው የሮም ጳጳስ ሆኑ። ይህን ውለታ የነገሩን አወርባኽ ራሳቸው ናቸው፤ ለ«ሚሜሲስ» ተቺዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጻፉት ምላሽ ውስጥ አስፍረውታል። ከሥራ የተባረረ አይሁዳዊ ምሁር፣ በሙስሊሞች ከተማ፣ በካቶሊክ ገዳም ሰገነት ላይ የቴርቱልያኖስንና የአውግስጢኖስን ቅጾች ሲያገላብጥ ማሰብ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም በቃሉ ከሚያስታውስ ሊቅ ይልቅ ለእኔ እጅግ የሚያስደንቅ ሥዕል ነው።

ከገዳሙ ቅጾች ጋር የተያያዘው ድርሰት በ1938 የታተመው «ፊጉራ» ነው። አወርባኽ በዚህ ጥናት አንዲትን የላቲን ቃል ይዘው ከጥንቶቹ ሮማውያን ጸሐፍት ከቴሬንስና ከሉክሬቲየስ ተነሥተው በሲሴሮ በኩል እስከ ቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ ከዚያም እስከ ዳንቴ ይከተሏታል። ቃሏ በመጀመሪያ ቅርጽ ወይም መልክ ማለት ነበረች፤ በአባቶች እጅ ግን በቤተ ክርስቲያን ያደገ የአማርኛ አንባቢ «ምሳሌ» ወይም «ጥላ» ብሎ የሚያውቀውን ትርጉም ያዘች። ሙሴ የነዌን ልጅ አውሴን ኢያሱ ብሎ መጥራቱን ቴርቱልያኖስ ለኢየሱስ ምሳሌ አድርጎ ሲያነብበው፣ ኢያሱ በእውነት የኖረ ሰው መሆኑ አይቀርም፤ ጥላው አካሉን ያመለክታል እንጂ አካሉ ሲመጣ ጥላው ሐሰት አይሆንም። አወርባኽ አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነው። ሁለቱም በታሪክ የተፈጸሙ ናቸው፤ ሥጋና ደም ያላቸው ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ዳንቴ በሲኦልና በገነት ያገኛቸው ነፍሳት ለምን እንደዚያ ሕያው ሆነው እንደሚታዩን ያስረዳሉ፤ በወዲያኛው ዓለም የሚናገረው ሰው ምድራዊ ማንነቱን አልጣለም፣ ይልቁንም ፍጻሜው ላይ አድርሶታል። ምሳሌና ጥላ የሚሉ ቃላት ከልጅነቱ በጆሮው ለገቡለት አንባቢ ይህ ድርሰት ሩቅ አይደለም፤ ምሁራን በብዙ ድካም የሚያስረዱትን ነገር እኛ በግማሽ መንገድ ላይ እንጠብቀዋለን።

«ፊጉራ»ን ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ጽሑፉ «ሚሜሲስ»ን በሦስት ዓመት ውስጥ እንደ ፈነዳ ምንጭ አድርጎ ያቀርበዋል። መጽሐፉ ከግንቦት 1942 እስከ ሚያዝያ 1945 እንደ ተጻፈ በመጽሐፉ ላይ ተመልክቷል፤ ይህ እውነት ነው። ዝግጅቱ ግን ሃያ ዓመት የፈጀ ነበር። አወርባኽ በ1892 በበርሊን ተወለዱ፣ በመጀመሪያ ሕግ አጥንተው በ1913 በሃይደልበርግ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ ከጦርነቱ ሲመለሱ ሕጉን ትተው በ1921 በግራይፍስቫልድ ስለ ጣሊያንና ፈረንሳይ የመጀመሪያው የህዳሴ (ሬኔሳንስ) ዘመን አጫጭር ልብ ወለዶች በጻፉት ጥናት በሮማንስ ፊሎሎጂ (በሮማንስ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ጥናት) ሁለተኛ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከ1923 እስከ 1929 በበርሊን በፕሩስያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ፤ በእነዚያው ዓመታት የኔፕልሱን ፈላስፋ የቪኮን ዋና ሥራ ወደ ጀርመንኛ መልሰው አሳተሙ። በ1929 ዳንቴን የምድራዊው ዓለም ገጣሚ ብለው የሰየሙበት መጽሐፍ ወጣ። ያ መጽሐፍ በማርቡርግ የሌላውን የሮማንስ ሊቅ የሊዮ ሽፒትሰርን መንበር ለመውረስ አበቃቸው። ኢስታንቡል ሲደርሱ 44 ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ፣ ከአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ስድስት ዓመት የኖሩ ሰው ነበሩ። ማስታወስ የሚችል አስቀድሞ ያነበበ ነው። ስለ ስፓኛዊው ልብ ወለድ ስለ ዶን ኪኾቴ የሚያወሳው ምዕራፍ ደግሞ በ1946 በበርን በታተመው የመጀመሪያ እትም ውስጥ አልነበረም፤ አወርባኽ ቱርክን ከለቀቁ በኋላ በስፓኝኛው ትርጉም የተጨመረ ነው፤ ጸሐፊው ግን ከኢስታንቡል ተአምራት አንዱ አድርገው ቆጥረውታል።

አሁን በግሌ ከሁሉ ይልቅ ወደ ከነከነኝ ነጥብ ልምጣ። ጽሑፉ አወርባኽ «ደረቁን የቋንቋ ጥናት ትተው» ወደ ሥነ ጽሑፍ እንደ ተሻገሩ ይናገራል። አልተሻገሩም። የሮማንስ ፊሎሎጂ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስፓኝኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ሮማንያንኛና ሌሎችም እኅት ቋንቋዎች ከላቲን እንዴት እንደ ተወለዱ የሚያጠና ሲሆን፣ በጀርመን ፍሪድሪሽ ዲትስ የእነዚህን ቋንቋዎች ሰዋስው ከ1836 ጀምረው ካሳተሙ ወዲህ ቋንቋውንና ሥነ ጽሑፉን አንድ ላይ አስሮ ኖሯል። የዘርፉ ጀርመናውያን ሊቃውንት ያጠኑት የራሳቸውን ቋንቋ አልነበረም፤ በመሆኑም በአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ ድንበር አልታጠሩም። ሽፒትሰር፣ ኩርቲዩስ፣ ፎስለርና አወርባኽ በአንድ ዘመን ከአንድ ሙያ የወጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሰዋስው ለአወርባኽ ምን እንደ ነበር ለማሳየት የቱሩን ጳጳስ የጎርጎርዮስን ምዕራፍ ብቻ ማንበብ ይበቃል። ጎርጎርዮስ በስድስተኛው መቶ ዘመን በዛሬይቱ ፈረንሳይ ሲጽፍ ላቲኑ ተፈትቷል፤ አገባቦቹ ይጋጫሉ፣ ምክንያትና ውጤት የሚያያይዙ ቃላት በቦታቸው የሉም። ሌላ ሊቅ ቢሆን ስሕተቱን ቆጥሮ ያልፍ ነበር። አወርባኽ ግን በዚያ በተሰባበረ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ ነገር መወለዱን ያያሉ፤ የጥንቱ ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ በክብር ቋንቋ የሚሸፍነውን የመንደር ጠብ፣ የሰከረ ሰው ንግግር፣ የደም በቀል፣ ጎርጎርዮስ በዐይን እንደሚታይ በጆሮም እንደሚሰማ አድርጎ ያቀርበዋል። በጥንት ፈረንሳይኛ የጀግንነት ቅኔ በሮላን ግጥም ላይ ደግሞ ዐረፍተ ነገሮቹ ያለ ማያያዣ ጎን ለጎን መቆማቸውን ይዘው ያንን ዓለም ሙሉ ያነባሉ። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በአማርኛ ነው፤ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተመለሰ» ስንል ድርጊቶቹ በአንድ ገመድ ተሰፍተዋል፤ «መጣ። አየ። ተመለሰ።» ስንል ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንደ ድንጋይ ይቆማል። በዳንቴ ምዕራፍም በሲኦል ያለው ካቫልካንቴ ከመቃብሩ ድንገት ብቅ የሚልባትን ቅጽበት «በዚያን ጊዜ» ከምትል አንዲት ቃል ተነሥተው ሲፈቱ፣ የቃሏን ክብደት እስከ ላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ድረስ ይከታተላሉ። ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚናገሩት ትልቅ ነገር ሁሉ የሚበቅለው ከዚህ ትንሽ ነገር ነው። የቋንቋ ጥናቱን ቢተዉ ኖሮ የሚቀረው ጥሩ አስተያየት እንጂ «ሚሜሲስ» አይሆንም ነበር።

ከተማዋ የዕውቀት በረሃ ነበረች የሚለው አነጋገር ደግሞ ኢስታንቡልን ይበድላል። ሽፒትሰር ከ1933 እስከ 1936 በዚያ አስተምረው የአውሮፓ ቋንቋዎችን ክፍል ከረዳቶቻቸው ጋር አቋቁመው ነበር፤ አወርባኽ የተረከቡት የተደራጀ ሥራ ነው። በዩኒቨርሲቲው ፈላስፋው ሃንስ ራይኸንባኽና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቪልሄልም ሮፕከ አስተምረዋል፤ የአረብኛ፣ የፋርስኛና የቱርክኛ የእጅ ጽሑፎችን ዐዋቂው ሄልሙት ሪተርም በዚያው ከተማ ነበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪዎች ነበሩ። አወርባኽ ለቱርክ ተማሪዎቻቸው የሮማንስ ፊሎሎጂ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አዘጋጁ፤ ሱሄይላ ባይራቭ ወደ ቱርክኛ መልሰውት በ1944 ታተመ፤ ባይራቭም በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሙያው መምህርት ሆኑ። መግቢያው መጽሐፍ «ሚሜሲስ» በሚጻፍበት ዘመን የተጻፈ መሆኑ አይዘነጋ። ጠዋት ለጀማሪ ተማሪ የላቲን አናባቢ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ምሁራን የሚያነብቡትን ቢጽፍ፣ የጠዋቱ ግልጽነት ወደ ከሰዓቱ መሻገሩ አይቀርም። በ«ሚሜሲስ» የማደንቀው ያ የመምህር ለዛ፣ ማንንም ሳያስፈራራ ከአንድ ገጽ ምንባብ የሚነሣው አካሄድ፣ የእነዚያ የቱርክ ተማሪዎች ድርሻ ያለበት ይመስለኛል።

ቱርክ በርኅራኄ አስጠጋቻቸው የሚለውንም በልክ ማየት ያስፈልጋል። በ1933 ክረምት የቱርክ መንግሥት ዳሩልፉኑን የተባለውን አሮጌውን ዩኒቨርሲቲ ዘግቶ በማግስቱ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲን ከፈተ፤ ከአሮጌው መምህራን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሥራ ወጡ። በዚያው ሐምሌ ወር ከፍራንክፈርት የተባረሩት ሐኪም ፊሊፕ ሽቫርትስ ከትምህርት ሚኒስትሩ ከረሺት ጋሊፕ ጋር ተቀምጠው ሥራ ያጡ ጀርመናውያን ምሁራን የሚቀጠሩበትን ስምምነት አደረጉ። መንግሥቱ የፈለገው አገሪቱን በአውሮፓ መልክ ፈጥኖ ማደራጀት ነበር፤ ስደተኞቹም ለዚህ ጠቀሙት። ስምምነቱ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ነገር ግን አወርባኽ በ1937 መጀመሪያ በስደት ለነበሩት ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሃያሲ ለቫልተር ቤንያሚን በጻፉት ደብዳቤ የታዘቡት፣ ፊደሉን ለውጦ የራሱን የእስልምና ባህል እየጣለ ከአውሮፓ የተቀዳ ብሔርተኝነት የሚገነባ ሥርዓት ነው፤ ከአንዱ ብሔርተኝነት የሸሸ ሰው ሌላውን በቅርብ እያየ ነበር።

ከዚያም የከፋ አለ። «ሚሜሲስ» መጻፍ ከመጀመሩ ከሦስት ወር በፊት፣ በየካቲት 1942፣ ስትሩማ የተባለች ከሮማንያ የመጡ ወደ 770 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስደተኞችን የጫነች መርከብ ተሳፋሪዎቿ እንዳይወርዱ ተከልክለው በኢስታንቡል ወደብ ከሁለት ወር በላይ ከቆመች በኋላ፣ ሞተሯ ሳይሠራ ተጎትታ ወደ ጥቁር ባሕር ተመለሰች፤ በማግስቱ ሰጠመች፤ የተረፈው አንድ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር የታወጀው የሀብት ግብር ሙስሊም ባልሆኑት ላይ እጅግ ከብዶ፣ መክፈል ያቃታቸው በምሥራቅ ቱርክ ወዳለችው ወደ አሽካሌ ለጉልበት ሥራ ተላኩ። የጀርመን መንግሥትም ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ በውጭ የሚኖሩ አይሁዳውያንን ዜግነት ገፍፎ ነበር። አወርባኽ በዚህ መካከል የነበሩት በኮንትራት የተቀጠሩ የውጭ አገር ሰው ሆነው ነው። ጽሑፉ «ሰላማዊ መጠጊያ» የሚለው ይህንን ነው።

እንግዲህ ስደት ለሊቅ በረከት ነው ወደሚለው መደምደሚያ ደርሻለሁ። ይህን አባባል ራሳቸው ከአገር የራቁ ወገኖቻችን ሲያነብቡት የሚሰማቸውን አስባለሁ፤ ያዳነንን አጋጣሚ ማመስገንና ያፈናቀለንን ግፍ ማመስገን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አወርባኽ ደብዳቤ የጻፉላቸው ቤንያሚን በመስከረም 1940 በፈረንሳይና በስፔን ድንበር በፖርትቡ ሕይወታቸው አለፈ፤ ስደት ለእርሳቸው ያዘጋጀው ድርሳን አልነበረም። በዚያው በሮማንስ ጥናት የፈረንሳይን የአሥራ ስምንተኛ መቶ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ የነበሩት ቪክቶር ክለምፐርር አወርባኽ በተባረሩበት በ1935 ከድሬስደን ተባርረው በጀርመን ቀሩ፤ በ1938 መጨረሻ ቤተ መጻሕፍት እንዳይገቡ ተከለከሉ፣ ለዓመታት ይዘውት የነበረውን ሥራ አቁመው ማስታወሻ መጻፍ ያዙ። እርሳቸውም መጽሐፍ ጎድሏቸው ነበር። ጉድለት ብቻውን ድርሳን የሚያስጽፍ ከሆነ የእነዚህ ሰዎች የተቋረጠ ሥራ በየመደርደሪያችን ተሟልቶ በተገኘ ነበር። አወርባኽን ከእነርሱ የለያቸው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ፣ የሚያስተምሩት ተማሪ፣ የሚገቡበት ሰገነት መኖሩ ነው።

ራሳቸው አወርባኽ ምርጫ ሲያገኙ ምን እንዳደረጉም እንይ። በ1947 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በፔንሲልቬንያ አስተምረው፣ በፕሪንስተን አንድ ዓመት ቆይተው፣ በ1950 ዬል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ የጻፉት የመጨረሻ መጽሐፋቸው በጥንቱ ዘመን መጨረሻና በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበረው የላቲን የጽሑፍ ቋንቋና ስለ አንባቢው የሚያትት፣ በማጣቀሻ የታጨቀ ሥራ ነው። በ1957 በ64 ዓመታቸው ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ወጣ። ወደ መጻሕፍቱ የተመለሱት በደረሱበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ነው።

ጸሐፊው «ሚሜሲስ»ን እንደገና ሲከፍቱ ከመጨረሻው ገጽ እንዲጀምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚያ አወርባኽ ስለ ጎደሏቸው መጽሔቶች ከተናገሩ በኋላ ቀሪው ነገር አንባቢውን ማግኘት ብቻ መሆኑን ይገልጹና፣ መጽሐፉ ለማያውቋቸው አንባቢዎችም ለድሮ ወዳጆቻቸውም እንዲደርስ ይመኛሉ፤ ስለ ወዳጆቻቸው ሲናገሩም፣ በሕይወት ካሉ፣ ይላሉ።